ፋፋ ማለት ምን ማለት ነው?

በአገራችን ሕፃን ልጅን ማመስገን የፈለገ ሰው «ማሻአላህ! ፋፍቷል» ይላል። ከገጠር የመጣ ዘመድም ሆነ ከዐረብ አገር የተመለሰችን እህት የሚቀበል ጎረቤት አስቀድሞ የሚመለከተው ሰውነትን ነው። ሞላ ያለ ሰው «ደልቶታል» ይባላል፤ የከሳ ሰው ወይ ታሟል ወይ ተቸግሯል። ይህን አነጋገር ያወረሰን ረሃብ ነው። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን እልቂት ያየ ሕዝብ ውፍረትን እንደ ጸጋ ቢቆጥር አያስገርምም።

ለእኛ ለጉለሌ ነዋሪዎች ግን «ፋፋ» ሌላም ትርጉም አላት፤ የሕፃናት አልሚ ምግብ ስም ናት። እ.ኤ.አ. በ1962 በስዊድን እርዳታ የሕፃናትን ምግብ የሚያጠና ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 አድጎ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋም የዚህ ሥራ ፍሬ ናት። በ1995 ኢንስቲትዩቱ እኛ እስከ ዛሬ «ፓስተር» ከምንለው የምርምር ተቋም ጋር ተዋሐደ። ዛሬ በጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሁለቱም ወራሽ ነው። በየቀኑ በአጥሩ ሥር ስናልፍ ስንቶቻችን ውስጡ ስለ ማዕዳችን እንደሚጠና እናስባለን?

የፋፋ ምሥጢር ከሊቃውንት ብቻ የመጣ አይደለም። የእህልንና የጥራጥሬን ዱቄት ከደረቀ ወተት፣ ከቫይታሚንና ከማዕድን ጋር ማዋሐድ ነው። እህል ብቻውን የሚጎድለውን የፕሮቲን ክፍል ጥራጥሬ ይሞላለታል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ሲያበሉን የኖሩት ይህንኑ ነው። የጤፉ ሊጥ በእርሾ መቡካቱም በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዲቀል ይረዳል። በአንጻሩ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረቱን ያስቀራሉና ትንሽ ቆይቶ መጠጣት ይሻላል።

ታዲያ የሰውነት ክብደት ምንድን ነው? በአጭሩ የገቢና የወጪ ሒሳብ ነው። አንድ ግራም ስኳር፣ ዱቄት ወይም ፕሮቲን አራት ካሎሪ ያህል ኃይል ይሰጣል፤ አንድ ግራም ዘይት ወይም ቅቤ ዘጠኝ። ተኝተን እንኳ ልባችን ይመታል፣ ጉበታችን ይሠራል፣ አእምሯችንም አያርፍም። ለአብዛኛው ሰው ከቀን ወጪው ከግማሽ የሚበልጠው የሚሄደው ለዚሁ ነው። የተረፈው ስብ ሆኖ ይከማቻል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል።

ይህን በሻያችን እንየው። በቀን አምስት ብርጭቆ ሻይ በሦስት በሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ ሰው 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም 240 ካሎሪ ወሰደ ማለት ነው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ይህ ትርፍ ቢሆን በወረቀት ስሌት በአንድ ወር ገደማ አንድ ኪሎ ስብ ይሆናል። ሰውነት ወጪውን በመጠኑ ስለሚያስተካክል እውነተኛው ጭማሪ ያንን ያህል አይሆንም፤ ይሁንና ውፍረት በአንድ ሠርግ ሳይሆን በብርጭቆና በማንኪያ እንደሚመጣ ያሳየናል።

በዚሁ በጉለሌ ማለዳ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚወርዱትን እናቶች ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ የሚበልጥ እንጨት ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ፣ ጭራሮውን ሸጠው ለልጆቻቸው ዳቦ ለመግዛት ይወርዳሉ። የእነርሱ ወጪ ከገቢያቸው ይበልጣል። በዚያው መንገድ ዳር ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠን የምንውል ደግሞ አለን። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ የአገራችን ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ቁመታቸው ቀጭጯል። ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶው ከመጠን በላይ ቀጭን ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን ከሴቶቹ 30 በመቶ ያህሉ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ነበር። አንዲት ከተማ ሁለቱን ሕመም በአንድ ጊዜ ታስታምማለች።

ልኩንስ እንዴት እናውቃለን? ቁመቷ 1 ሜትር ከ60 የሆነች ሴት ከ48 እስከ 63 ኪሎ ብትመዝን በደህናው መጠን ውስጥ ናት ይላሉ ሐኪሞች። ወገብ ላይ የሚከማች ስብ ደግሞ ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት ይበልጥ ያጋልጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት ሐጃ ጎረቤታችን የስኳር ሕመም አለባቸው። ሐኪማቸው ክብደት እንዲቀንሱ መክሯቸው በትዕግሥት ሞከሩ፤ ስኳሩን ተዉ፣ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይሄዱ ጀመር። ስምንት ኪሎ ቀነሱ፤ የደማቸውም ስኳር ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያገኛቸው ሰው ሁሉ «ምነው ከሱ? ምን ነካዎት?» ይላቸው ጀመር። የከሳ ሰው ሁሉ በክፉ በሽታ ይጠረጠር የነበረበትን ዘመን የሚያስታውስ የመንደራችን ሰው ሹክሹክታውን አልተወም። ልጆቻቸውም አፈሩ፤ ገንፎውና ቅቤው ተመለሰ። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። ከሐኪሙ ምክር ይልቅ የሰላምታችን ቃል በረታ። በመካከላችን ስንት ሰው እንዲህ በደግ አንደበት ተጎድቶ ይሆን?

ሃይማኖታችን ግን በዚህ ነገር ሚዛኑን አስቀድሞ ሰጥቶናል። አላህ (ሱ.ወ.) እንድንበላና እንድንጠጣ ፈቅዶ ከልክ ማለፍን ከልክሎናል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ሆዱን ሞልቶ ለመብላት ለሚሻ ሰው ሲሦውን ለምግቡ፣ ሲሦውን ለመጠጡ፣ ሲሦውን ለትንፋሹ እንዲተው አስተምረዋል። ሰልማን (ረ.ዐ.) ለአቡ ደርዳእ (ረ.ዐ.) አካልህ በአንተ ላይ ሐቅ አለው ብለው ሲመክሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እውነት ተናገረ ብለዋል። እንግዲህ ሥጋችን አደራ ነው ማለት ነው፤ ማስራብም ማጨናነቅም አደራውን መብላት ነው።

የረመዷን ጾምም የዚህ ትምህርት ቤት ነው። ከሱሑር በኋላ ሰዓታት ሲያልፉ ጉበት ያስቀመጠውን ስኳር ያወጣል፤ ያ ሲያልቅም ሰውነት ወደ ስቡ ይዞራል። ነገር ግን የቀኑን በመግሪብ በሳምቡሳና በጣፋጭ እጥፍ አድርገን ከመለስነው ሚዛኑ አይንቀሳቀስም። ጾም ለሚጎዳው በሽተኛ ደግሞ አላህ ፈቃድ ሰጥቶታል፤ በተለይ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንም ዓሊሙንም ይጠይቅ። ይድናል ተብሎ ተስፋ የማይደረግ ሕመም ያለበት ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ድሃ ያበላል። ይህን ስንመለከት ልብ ይነካል፦ ምግብ ያሳመመው ሰው ምግብ ያጣውን እንዲያበላ ታዘዘ! ምናልባት ያ ፊድያ የሚደርሰው ከእንጦጦ እንጨት ይዛ ለምትወርደው እናት ልጅ ይሆናል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ ሆይ፣ ፋፋ ማለት መወፈር ብቻ አይሁንብን። የልጅ መፋፋት በልኩ መጠንከሩ ነው፤ የአዋቂም መፋፋት በልኩ መኖሩ ነው። ወንድምህን ስታገኘው ሥጋውን አትመዝንበት፤ «ጤናህ እንዴት ነው? አላህ ያፍያህ» በለው። የጎረቤትህ ድስት ባዶ እንዳያድርም ጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ.) ከረሃብም ከጥጋብም ፈተና ይጠብቀን። አሚን።