ቮልስ ወይስ ቪትዝ?

ዛሬ ጠዋት ሜክሲኮ አደባባይ መብራት ይዞኝ ቆሜያለሁ። ከፊቴ ነጭ ቪትዝ፣ ከጎኔ ሰማያዊ ቮልስ።

መብራቱ ሲለቅ ቪትዟ ድምፅ ሳታሰማ ውልቅ አለች። ቮልሷ ግን ያንን የምታውቁትን ጠጠጠጠ ለቀቀችው። የያዟት አባት ማርሽ ሲያስገቡ ትከሻቸው አብሮ ይሄዳል!

ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ሻንጣ ማስቀመጫዋ ከፊት ነው። የምትቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ራዲያተር የላትም። ዳገት ላይ ውሃ ፍለጋ ጀሪካን ይዞ መሮጥ ብሎ ነገር የለም። የመጨረሻዋ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ (አገሩ እንጂ አደባባዩ አይደለም) ፑዌብላ ከተማ ተሠርታ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርተዋል።

ቪትዝስ? ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ያመጣት። መሪዋ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ኤርባግ አላት፣ ጠባብ ቦታ ላይ ሽጉጥ ትላለች። ልጆች ጭኖ ለመሄድማ ምን ክርክር አለው?

ግን ስትበላሽ ኮምፒውተር ይጠራላታል። ቮልስን የሰፈር መካኒክ በመፍቻና በካቻቢቴ ይጨርሳታል።

ለእኔ የሥራ ቀን ቪትዝ፣ እሁድ ቮልስ።

እስኪ ዛሬም ቮልስ የምትነዱ፣ መለዋወጫ ከየት ነው የምታገኙት? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።