ባለዕዳዋ ቅጽል

የሁለት አገር ሚኒስትሮች ተጨባብጠው ፎቶ ከተነሡ በኋላ በሚወጣው የእንግሊዝኛ መግለጫ ውስጥ «ሚውቿል» የምትባል ቅጽል አትጠፋም። መከባበሩም፣ ጥቅሙም፣ መግባባቱም ሚውቿል ነው። እኛ ዘንድ ስትመጣ «የጋራ» ወይም «የእርስ በርስ» ትባላለች። አነጋገሯን ለሰማ ገንዘብ በእጇ ነክታ የማታውቅ የጨዋ ልጅ ትመስላለች። ሰባት ቤት ዘሯን ስቆጥር ግን ያገኘኋት አበዳሪ ቤት ነው።

የላቲኑ «ሙቱዉስ» የተበደሩት፣ አንዱ ለሌላው የሚመልሰው ማለት ነበር። በሮማውያን ሕግ «ሙቱዉም» የሚባል ውል አለ፦ እህል፣ ወይን፣ ዘይት ወይም ገንዘብ ትበደራለህ፤ ትጨርሰዋለህ፤ የምትመልሰው ያንኑ ሳይሆን በዓይነትና በመጠን እኩያውን ነው። ይህን ለመረዳት ሕግ መማር አያስፈልግም፤ ከጎረቤት በርበሬ የተበደረ ሁሉ ያውቀዋል። እኛም «ብድሩን መለሰ» ስንል ሰውየው ውለታ ከፍሎ ወይም ቂሙን ተወጥቶ ሊሆን ይችላል። ሚውቿልም እንዲሁ ናት፤ ፍቅርንም ጥላቻንም ታገለግላለች። ለእርሷ ዋናው መልስ መኖሩ ነው።

ሳሙኤል ጆንሰንም በ1755 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው መዝገበ ቃላት የፈታት በአጸፋ ነው። የሰዋስው ዘበኞች ይህን ይዘው ደንብ አወጡ፦ እኔና አንተ ብንዋደድ ፍቅራችን ሚውቿል ነው፤ ሁለታችንም ሦስተኛ ሰው ብንወድ ግን ያ ሰው ለእኛ «ኮመን» እንጂ ሚውቿል አይደለም። ሼክስፒር ይህ ደንብ አልደረሰውም። «የቬኒሱ ነጋዴ» በተሰኘው ተውኔቱ የመጨረሻ ገቢር ውርንጭላዎች የመለከት ድምፅ ሰምተው ባንድነት ቀጥ ሲሉ፣ አቋቋማቸውን ሚውቿል ብሎታል። ውርንጭላዎቹ የተበዳደሩት ነገር የለም።

ትልቁን ጠብ ያመጣው ግን ዲከንስ ነው። ከ1864 እስከ 1865 በየወሩ እየከፋፈለ ያሳተመውን ልብ ወለድ «የጋራ ወዳጃችን» ሲለው የተጠቀመው በሚውቿል ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ሐረጉን የሚናገረው ሚስተር ቦፊን ነው፤ ከለንደን የጥራጊ ክምር ሀብት የወረሰ፣ ማንበብ ስለማይችል አንባቢ የቀጠረ ሰው። ሔንሪ ፋውለር በ1926 ባወጣው የአጠቃቀም መመሪያው ሐረጉ ስህተት መሆኑ የታወቀ ነው ብሎ ፈረደ። ሕዝቡ ግን ከቦፊን ጋር ወገነ። ነገሩ ይሉኝታ ያለበት ይመስለኛል፦ «ኮመን» የጋራ ብቻ ሳይሆን ተራ፣ መናኛም ማለት ነው። መደብ በሚቆጠርበት አገር ሰውን «ኮመን ወዳጃችን» ብሎ ማስተዋወቅ ሰድቦ ማስተዋወቅ ይሆናል።

ዘበኞቹን የሚያስደስተው አጠቃቀም የመጣው ከቀዝቃዛው ጦርነት ነው። ዶናልድ ብሬናን የተባለ አሜሪካዊ ተንታኝ፣ አንዱ ኃያል ኑክሌር ቢተኩስ ሁለቱም የሚጠፋፉበትን ሥርዓት አሳጥሮ «ማድ» አለው፤ እብድ ማለት ነው። የፊተኛዋ ፊደል የሚውቿል ናት። በሰዋስው በኩል አንዳች እንከን አይወጣላትም።

እኔም እየዋልኩ እያደርኩ ወደ ዘበኞቹ አደላሁ፤ ለሰዋስው ብዬ ሳይሆን ለዕዳው ብዬ ነው። በ1980 የወጣው የስደተኞች ሕግ ኢትዮጵያውያንንም ወደ አሜሪካ ማስገባት ሲጀምር፣ ስደተኞች ለራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት በመንግሥት ወረቀት ላይ ይህችኑ ቅጽል ይዘው ተጻፉ። እኛ «መረዳጃ» አልናቸው። በመረዳጃው መዋጮውን ሳያጓድል የሚከፍል፣ ለቅሶ ግን የማይደርስ አባል አለ። ስብሰባ ላይ ስሙ ሲነሣ ሒሳብ ያዡ ዕዳ የለበትም ይላል፤ እናቶች ደግሞ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሮማውያኑ ቢኖሩ ከእናቶች ጋር ይቆሙ ነበር፤ የበላኸውን የምትመልሰው በዓይነቱ ነውና።

ፌስቡክ ደግሞ ከማላውቀው ሰው ጋር ያሉንን የጋራ ወዳጆች «ሚውቿል» ብሎ እየቆጠረ ያሳየኛል። እኔ ላበደርኳቸው፣ እነርሱም ላበደሩኝ ሚውቿልን ሳልሳሳ እሰጣለሁ። ብድር የሌለብን ወዳጆች ግን ፋውለር እንዳለው «ኮመን» ናቸው፤ በሁለቱም ትርጉሙ።