ስክሪኑ የጠቆረ ማታ

የወሩ 19ኛው ማታ ምን እንደሚመስል ናይሮቢ ሱቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ያለፈው ወር ቫት ማሳወቂያ እስከ 20 ድረስ ስለሆነ፣ ኢስሊ ውስጥ ያ ማታ ከደረሰኝ ጋር ነው የሚመሸው። እኛም ከጓዳ፣ ከበርበሬና ከሽሮ ጆንያ መሀል ተቀምጠን አንዳችን ስናነብ አንዳችን ስንጽፍ ነበር። የታላቃችን ልጅ ከኮምፒውተሩ ዘፈን ከፍታለች፤ ሁለት ጊዜ «ዝጊው» ብለናታል፣ አልሰማችንም።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ መብራት ድርግም ብሎ ተመለሰ። የሕንጻው ጄኔሬተር ነው፣ ለምደነዋል፤ ማንም ቀና አላለም። ቀና ያልነው አምፖሉ ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ነው።

እዚያ ውስጥ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሞያሌ ሆና ዕቃ የምትልክልን ደንበኛችን ሒሳብ አለ። ኪሊማኒ ያሉ ምግብ ቤቶች የወሰዱት ዱቤ አለ። ከዚያ ላይ ደግሞ ያን ማታ ከ1 ሰዓት ጀምሮ የጻፍነው፣ ገና ሴቭ ያልተደረገው። በወረቀት የቀረን ነገር አልነበረም፤ ደብተሩን የተውነው «ደብተር ይጠፋል» ብለን ነው።

ለምናውቀው ጥገና ሠሪ ደወልን። ሳያየው፣ «ዊንዶውሱ ሄዷል፣ አጥፉትና ነገ አምጡት፣ ፎርማት አደርገዋለሁ» አለን። ታላቃችን ጣቷን ማጥፊያው ላይ አሳረፈች።

«እማዬ፣ ዘፈኑ እኮ አልቆመም» አለች ልጅቷ።

እውነትም አልቆመም። ሦስት ትልልቅ ሰዎች አልሰማነውም ነበር።

የሚዘፍን ኮምፒውተር አልሞተም። ኪቦርዱ ላይ ካፕስ ሎክን ብንጫን ትንሿ መብራት በራች፣ ደግመን ብንጫን ጠፋች። ሲፒዩው ይሰማናል ማለት ነው። እንግዲያው በጭፍን እንጻፍለት አልን፦ መጀመሪያ ኢንተር፣ የጀመርነው ቁጥር እንዲገባ፤ ቀጥሎ ኮንትሮልን ይዘን ኤስ። ፋይሉ ቀድሞ ስም ስለነበረው ሌላ ጥያቄ አያመጣም። ሴቭ መሆኑን ግን በምን እንይ?

ወደ ስክሪኑ ዞርን። የማብሪያው መብራት ሰማያዊ ነው። ብርቱካናማ ሆኖ ብልጭ ድርግም ቢል ኖሮ ከሲፒዩው ምንም አይደርሰኝም ማለቱ ነበር፤ ያኔ ኬብሉን እንጠረጥራለን። ለማንኛውም ኬብሉን ነቅለን አጥብቀን ሰካነው። ለውጥ የለም። ቀጥሎ የጓዳውን አምፖል አጥፍተን የስልክ መብራት በአግድም ስክሪኑ ላይ ለቀቅንበት። ደብዘዝ ብለው፣ ልክ በውሃ ውስጥ እንዳለ ጽሑፍ፣ ቁጥሮቻችን ታዩ! እንዲህ ያለው ስክሪን ምስሉ ራሱ አያበራም፤ ከኋላው ሌላ መብራት አለው። የጠፋው እሱ ነው።

ሱቁ ውስጥ ኳስ የምናይበት ቴሌቪዥን ነበር። ያንኑ ኬብል ከሞኒተሩ ነቅለን እዚያ ሰካን፣ በሪሞት «ፒሲ» የሚለውን መረጥን። ሰንጠረዡ ሁሉ ግድግዳው ላይ ወጣ፣ ካቆምንበት ረድፍ። ዱቤ ያለበት ሰው ሁሉ ስሙ እንደ ቡድን አሰላለፍ ተዘርዝሮ ስናይ ሳቅን፣ ከዚያ የሱቁን በር ቆለፍን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ማሳወቂያው ገባ።

በማግስቱ ሞኒተሩን ይዘን ኤሌክትሮኒክስ ወደሚደራበት ወደ ሉቱሊ ጎዳና ወረድን። ፉንዲው «ሳ ኔ» ብሎ ቀጠረን። ስዋሂሊም እንደኛ ሰዓት የሚቆጥረው ከንጋት ነውና «ኔ» አራት ነው፣ 4 ሰዓት። አዲስ የሚመጡ ወገኖቻችን ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል። ፉንዲው ከፍቶ ሁለት ካፓሲተር አሳየን፤ አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን ሲገባው እንደ ቦካ ሊጥ አብጧል። እየደከሙ ቆይተዋል፣ መብራቱ ሄዶ ሲመለስ እንደገና ማስነሳት አቃታቸው። ቀየራቸው፣ በራ። በነገራችን ላይ ይህን ቤት ውስጥ አትክፈቱት፤ ከተነቀለም በኋላ ውስጡ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ታዲያ ሲፒዩው እንዴት ተረፈ? እ.ኤ.አ. ኦገስት 25 ቀን 2023፣ ያ አርብ ማታ አገሩ በሙሉ ሊባል በሚችል ሁኔታ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ሳይቀር የጨለመ ጊዜ፣ ደንግጠን ዩፒኤስ ገዝተን ነበር። ሲፒዩውን እሱ ላይ ሰካነው። ሞኒተሩን ግን ገመዱ አጭር ስለሆነ ግድግዳው ላይ ተውነው።

አሁን ጠረጴዛውን አስጠግተን ሁለቱንም ዩፒኤሱ ላይ አድርገናል። የዱቤው ደብተርም ተመልሷል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምፒውተሩ እንገለብጥበታለን። ያለፈውን ቅዳሜ ግን አልገለበጥንም፣ ከሞያሌ ዕቃ ገብቶ ነበር።