ማራገቢያው ምን አለ?

እሑድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ቤት ቡና ይፈላል። እህቴ ፈርኔሎው ላይ ከሰሉን ታራግባለች፤ ልጇ ሶፋው ጥግ ላይ ተጣጥፋ ስልኳ ላይ «ብሪጀርተን» የተባለውን ተከታታይ ፊልም ታያለች። ለሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። እናትየው ቆሎ ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ብድግ አለችና የሰንበሌጡን ማራገቢያ አንስታ ግራ ጉንጯ ላይ ለጠፍ አደረገችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?»

«ከሰሉ ሊጠፋ ነው ማለት ነው።»

«ኧረ ጋሼ! ‹አይሆንም› ማለት ነው። ቀኝ ጉንጭ ላይ ሲሆን ‹እሺ›። ያኔ እንግሊዝ አገር ሴቶቹ ከወንድ ጋር እንደ ልብ ማውራት ስለማይችሉ በማራገቢያ ነበር የሚነጋገሩት። ዝርዝሩ ሁሉ አለ።»

ማራገቢያው ሲነሳ ጉንጯ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ጥላሸት ቀረ። ልነግራት ስል ወሬው ቀደመኝና ተውኩት።

ይህችን የማራገቢያ ነገር አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት ልክ እንደሷ አምኜ ለአንድ መጽሔት ጽፌባት ነበር፤ «የዝምታ ቋንቋ» የሚል ርዕስ ሁሉ ሰጥቻታለሁ። አዘጋጁ «ምንጭህ ምንድን ነው?» ሲለኝ ነው ጉዱ የፈላው። ምንጩን ፍለጋ ወደ ኋላ በሄድኩ ቁጥር እመቤቶቹ እየራቁ፣ ነጋዴዎቹ እየቀረቡ መጡ። ጽሑፉ ሳይታተም ቀረ። እነሆ ቡናው እስኪደርስ ለእህቴ ልጅ አወረስኳት።

ዘመኑን እናስቀድም፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በ1811 ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ አእምሯቸው ታውኮ መግዛት ሲያቅታቸው የበኩር ልጃቸው እንደራሴ ተባሉ፤ እኛ አገር ራስ ተፈሪ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን የያዙትን ዓይነት ወንበር ማለት ነው። በ1820 አባታቸው ሲሞቱ ነገሡ። እንግዲህ ዛሬ ከነቀሚሷ፣ ከነሰረገላዋ በየስልኩ የምትታየው ያቺ ዘጠኝ ዓመት ናት።

ሕጉ ጥብቅ መሆኑ እውነት ነው። ወንድ ያላስተዋወቁትን ሴት ቀርቦ አያነጋግርም፤ መሐል የሚገባ ሰው ያስፈልገዋል። ያልተጫጩ ወንድና ሴት ደብዳቤ ቢጻጻፉ ነውር ነው። ሴቲቱ የአንዱን የዳንስ ግብዣ ከመለሰች፣ አስቀድማ ለሌላ ቃል ካልሰጠች በቀር፣ ያን ምሽት ከማንም ጋር ልትደንስ አይገባትም፤ ቁጭ ብላ ጫማዋን ስታይ ታመሻለች። ከአንዱ ጋር ከሁለት ዙር በላይ ከደነሰች ደግሞ እናቶች መቁጠር ይጀምራሉ።

ለንደን ኪንግ ጎዳና ላይ «አልማክስ» የሚባል አዳራሽ ነበር። ረቡዕ ማታ እዚያ ለመግባት ገንዘብ ብቻውን አይበቃም፤ የሚመሩት ጥቂት ወይዘሮዎች ስምህን ማጽደቅ አለባቸው። ግሮኖው የተባለ የዘመኑ መኮንን ኋላ በትዝታው እንደጻፈው፣ የዌሊንግተኑ መስፍን እንኳ በደንቡ እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ትተው ረጅም ሱሪ ለብሰው በመምጣታቸው ከደጅ ተመልሰዋል። ናፖሊዮን ያልመለሳቸውን ሰው ሱሪ መለሳቸው። ለገባውም ቢሆን የሚቀርበው ስስ ዳቦ በቅቤ፣ ሻይና የሎሚ መጠጥ ነው።

«ያን ሁሉ ለብሰው ለሻይ?» አለች እህቴ፣ ቆሎውን እያስቀመጠች። አቦሉ ተቀዳ።

አሁን ወደ ማራገቢያው። የመጀመሪያው ክር የሚገኘው በ1711 ነው፤ እንደራሴው ከመሾማቸው ልክ መቶ ዓመት ቀድሞ። ጆሴፍ አዲሰን «ስፔክቴተር» በተባለው የለንደን ጋዜጣ ላይ አንድ ቀልድ ጻፈ። ለሴቶች የማራገቢያ ትምህርት ቤት ከፍቻለሁ የሚል ሰው ደብዳቤ አስመስሎ፣ ሴቶቹን እንደ ወታደር ያሰልፋል፤ ማራገቢያ አንሺ፣ ዘርጊ፣ ተኩሺ፣ መሬት አስቀምጪ እያለ ያዛል። ተረብ ነው። ግን ተረብ ከተናጋሪው አፍ ከወጣ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? መቶ ዓመት ሲሞላው ታሪክ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቶናው ሲቀዳ 1797 ደረስን። ያኔ አውሮፓ በአዲስ ነገር ሰክራለች፤ ፈረንሳዮች በየኮረብታው ማማ ተክለው በምልክት መልእክት ማስተላለፍ ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። እንግሊዞችም ተከትለዋል። ቻርልስ ፍራንሲስ ባዲኒ የተባለ ሰው ይህን አይቶ ይመስላል፣ መመሪያው ፊቱ ላይ የታተመበት ማራገቢያ ለገበያ አወጣ። በዓመቱ ሌላው ተከተለው፤ የሱን ማራገቢያ ስሙን ሳይቀር «የእመቤቶች ቴሌግራፍ» አለው። በባዲኒው ዘዴ ፊደሎቹ አምስት አምስት ሆነው ይከፈላሉ፤ ማራገቢያውን ወደ ክንድ፣ ወደ ደረት፣ ወደ አፍ፣ ወደ ግንባር በማስጠጋት መጀመሪያ ምድቡን፣ ቀጥሎ ፊደሉን ትጠቁማለህ። ለአንድ ፊደል ሁለት እንቅስቃሴ ማለት ነው። «እወድሃለሁ» በእንግሊዝኛ ስምንት ፊደል ስለሆነ አሥራ ስድስት ጊዜ ክንድ ማወዛወዝ ይጠይቃል። እስከዚያ ሰውየው ሌላዋን አጭቷል። በ231 ፊደላችን ማንም ስላልሞከረው ፈጣሪ ይመስገን።

«ይሄ ግን ያ ዝርዝር አይደለም» አለች የእህቴ ልጅ። አልተሳሳተችም። የጉንጩ ዝርዝር የመጣው ከበረካው ጋር ነው።

ዣን ፒየር ዱቬልሯ ፓሪስ ውስጥ የማራገቢያ ሱቁን የከፈተው በ1827 ነው። የእንደራሴው ዘመን ካለፈ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ማራገቢያ ፋሽኑ አልፎበት ነበር፤ ሱቁ ግን አንሰራራ፣ ለንደንም ድረስ ቅርንጫፍ ከፈተ። ይኸው ቤት ነው ኋላ ለደንበኞቹ «የማራገቢያ ቋንቋ» የሚል በራሪ ወረቀት አሳትሞ ያደለው። ቀኝ ጉንጭ «እሺ»፣ ግራ ጉንጭ «አይሆንም»፣ በዝግታ ማራገብ «ባለትዳር ነኝ»፣ በፍጥነት ማራገብ «ታጭቻለሁ»። በመቶ ሻማ በጋለ አዳራሽ ውስጥ ላብ ያጠመቃት ልጅ ሁሉ ታጭታለች ማለት ነው። ደግሞስ በየቤቱ የታደለ ወረቀት ምኑን ምስጢር ሆነ? እናትየውም ታነበዋለች እኮ።

ቀልድ መጫወቻ ሆነ፣ መጫወቻው ማስታወቂያ፣ ማስታወቂያው «የጥንት ባህል»። ነገሩ ይኸው ነው።

«ታዲያ በምን ይነጋገሩ ነበር?» አለች ልጅቷ፤ ትንሽ የከፋት ትመስላለች።

የዘመኑን ሴት እንጠይቅ። ደራሲዋ ጄን ኦስተን በ1799 ለእህቷ በጻፈችው ደብዳቤ ነጭ ማራገቢያዋን ይዛ ዳንስ መሄዷን ታነሳለች፤ ወንዝ ውስጥ ሳይወረወር በመቅረቱም ደስ ብሏታል። በቃ። ማራገቢያው ያመለጠ ዕቃ እንጂ አስተርጓሚ አይደለም። በ1813 ባሳተመችው «ፕራይድ ኤንድ ፕረጁዲስ» ልብ ወለድ ደግሞ ሚስተር ዳርሲ አዳራሽ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የዓመት ገቢው አሥር ሺህ ፓውንድ መሆኑን ሰው ሁሉ ሰምቷል። የትኛው ማራገቢያ ነው እንዲህ የሚፈጥን? የአዳራሹ ቋንቋ ቁጥር ነበር። በዚያ አገር ሕግ ሴቲቱ ስታገባ ገንዘቧ በአብዛኛው ወደ ባሏ ስለሚዞር፣ የእናቶቹ ሹክሹክታ ከሐሜት ይልቅ ሒሳብ ነው።

ለሴቲቱ የተተወላት አንዲት ቃል ብቻ ናት። በታኅሣሥ 1802 ሃሪስ ቢግ ዊዘር የተባለ የርስት ወራሽ ጄንን ለትዳር ጠየቃት። ዕድሜዋ ሃያ ሰባት ሊሞላ ነው፤ የራሷ ሀብት የላትም። ማታ «እሺ» አለች። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈችው እሷ ታውቃለች፤ ጠዋት ግን «አይሆንም» አለች፣ በአፏ፣ ፊት ለፊት። ማራገቢያ ቢበቃ ኖሮ እንዴት በቀለላት!

የእህቴ ልጅ ዝም አለች። እናቷ ማራገቢያውን ተቀብላ ከሰሉን ሁለት ጊዜ ኃይል ባለው ምት መታችው፤ ሁለታችንም ሲኒዎቹን መሰብሰብ ጀመርን። ያን ቋንቋ ማንም በወረቀት አላደለንም።

ልጅቷ ሲኒ እያነሳች ሳለ ስልኳ ጮኸ። ስሙን አየች፤ እኔ ግን አላየሁም። ፊቷ በራና ጀርባዋን አዙራ ወደ በረንዳ ወጣች። በመስኮቱ ሳያት አንገቷን ሰበር አድርጋ ትስቃለች፤ ግራ ጉንጯ ላይ ጥላሸቱ አሁንም «አይሆንም» ይላል።