ወደ ጉዛራ ግንብ በብስክሌት

የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሥራው የሌላውን ሰው ቃል መጻፍ ነው። ከሳሽ እንዲህ አለ፥ ተከሳሽ እንዲህ ብሎ መለሰ፥ ምስክር እንዲህ ብሎ መሰከረ እያልሁ እነሆ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በ2011 ዓ.ም. በወርኀ መስከረም ግን ለገዛ ልጄ ልነግረው የሚገባኝን አንድ ቃል ለመናገር አፌ ተያዘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ስንኖር የበኵር ልጃችን ዐሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ነበር። እኔና እናቱም ጎንደር ከአጎቱ ዘንድ ተቀምጦ ትምህርቱን እንዲቀጥል በነሐሴ ወር ቈረጥን። እናቱም፥ «አንተ አባቱ ነህና ንገረው» አለችኝ። እኔ ዛሬ ነገ እያልሁ ሳዘገይ ዘመን ተለወጠ፤ ትምህርት የሚከፈትበትም ቀን ተቃረበ። ፍርድ ቤት እስከ መስከረም መጨረሻ ለዕረፍት ተዘግቶ ስለ ነበር፥ «ና፥ የእንፍራዝን ግንብ አይተን እንምጣ» ብዬ ልጁን ይዤ ተነሣሁ።

እስከ ወረታ በመኪና ሄደን፥ ከዚያ ከአንድ ዘመዳችን ሁለት ብስክሌት ተዋስን። እኔ ብስክሌት መንዳት የተማርሁት በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው፤ ብዙ ዘመን ትቼው ስለ ነበር መጀመሪያ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ አልሁ። ልጄ በሳቅ ሊወድቅ ደረሰ። ሰው ልጁን ማሣቁ መልካም ነው፤ የእኔ ሆድ ግን አብሮ አልሣቀም።

የፎገራ ሜዳ በመስከረም እጅግ ያማረ ነው። ቀድሞ በላሞቹ ስመ ጥር የነበረው አገር ከደርግ ዘመን ወዲህ ሩዝ ስለሚዘራበት፥ ውኃ ያቈረው ማሳ በፀሐይ ያበራል። በመንገዱ ዳር አደይ አበባ ፈክቶ ነበር። በመኪና ከሁለት ሰዓት በታች የሚያልቀውን መንገድ እኛ ሁለት ቀን አደረግነው፤ ዳገቱን በእግራችን እየገፋን፥ እሸት እየገዛን፥ እረኞች ሲከተሉን ቆመን እያጫወትናቸው ሄድን። አዲስ ዘመን አደርን። በዚያች ሌሊት ልነግረው ተነሣሁ፤ ነገር ግን ደክሞት ተኝቶ አገኘሁትና ደስ አለኝ። ፈሪ ሰው ምክንያት አያጣም።

የፈራሁበትን ምክንያት ልንገራችሁ። የተወለድሁት ስማዳ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ በበቅሎ አፈናጥጦ ወደ ጋይንት ወሰደኝና፥ የድጓ ማስመስከሪያ በሆነችው በቤተ ልሔም አቅራቢያ ከነበሩ መምህር ዘንድ አደረሰኝ። ወዴት እንደምንሄድም አልነገረኝም። «በቅሎዋን ውኃ አጠጥቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ፤ አልተመለሰም። እስኪመሽ ድረስ ከደጅ ቆሜ ጠበቅሁት። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እንባዬን ማየት ፈርቶ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ የተማርሁት ዜማ ብዙው ጠፍቶብኛል፤ ያች በቅሎ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋችብኝም።

በማግሥቱ እንፍራዝ ደረስን። ብስክሌቶቹን ከታች ካንዲት ባልቴት ደጅ አቁመን ወደ ኮረብታው በእግር ወጣን። የጉዛራን ግንብ ያሠሩ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው ይባላል። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ባለ ደርብ ቤት ነው፤ በማዕዘኑም ክብ ግንብ አለው። ከላይኛው ደርብ ብዙው ፈርሷል፤ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ለሚመለከት ግን ጣና በሩቁ ይታያል። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከመቈርቈራቸው ከግማሽ መቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠራ በመሆኑ፥ ለጎንደር ግንቦች እንደ ታላቅ ወንድም ይቈጠራል።

ከግድግዳው ጥላ ተቀምጠን ስንቃችንን ስንበላ ልጄ፥ «አባባ፥ ይህን የመሰለ ቤት የሠራ ንጉሥ ለምን ትቶት ሄደ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፥ «በዚያ ዘመን ነገሥታት ባንድ ስፍራ አይቀመጡም ነበር። ሠራዊቱ ብዙ ስለ ሆነ ያረፉበት አገር እህሉና እንጨቱ ያልቃል። ስለዚህ በጋውን በድንኳን እየተጓዙ ክረምቱን ባንድ ስፍራ ይከርማሉ። ከሠርፀ ድንግል በኋላም ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ደንቀዝ፥ ልጃቸው ፋሲል ወደ ጎንደር ሄዱ» አልሁት።

ልጄ ጥቂት ዝም አለና፥ «ሲሄዱ ልጆቻቸውን ይጠይቋቸው ነበርን?» አለ።

ያን ጊዜ ነገሩ ገባኝ። እንጀራውን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርሁት። ሲመልስልኝም፥ «አውቃለሁ። በነሐሴ ከእማማ ጋር ስትነጋገሩ ሰምቻለሁ። እርስዎ እስኪነግሩኝ እጠብቅ ነበር» አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። በዚያች በቅሎ የደረሰብኝን እኔም በልጄ ላይ አድርሼው ነበር፤ ልዩነቱ ከቤቱ ሳይወጣ መሆኑ ብቻ ነው።

የበቅሎዋን ነገር ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው አወራሁ። ልጄ ሰምቶ ሲያበቃ፥ «እርስዎስ ጎንደር ሲያደርሱኝ ውኃ ሊያጠጡ ይሄዳሉ?» አለ። «አልሄድም፤ ተሰነባብተን ነው የምንለያይ» ብዬ ቃል ገባሁለት። እርሱም፥ «እንግዲያስ ካልተስማማኝ ልመለስ» አለ፤ ይህንም ፈቀድሁ። ስንወርድ ቀድሞኝ ነዳ፤ እኔም አልተከተልሁትም፤ ከቍልቍለቱ ግርጌ ቆሞ ጠበቀኝ።

በሳምንቱ ጎንደር አደረስሁት። በአጎቱ ደጅ ፊት ለፊት ቆመን ተላቀስን፤ አላፈርሁበትም። ሁለት ዓመት ተምሮ በሦስተኛው፥ «ወደ ቤት መመለስ እሻለሁ» አለ፤ እኛም በቃላችን ጸናን።

ወዳጆቼ ሆይ፥ ባልና ሚስት ተጣልተው ችሎት ሲቆሙ በምጽፈው መዝገብ የልጆች ስም ብዙ ጊዜ ይጠራል፤ ቃላቸው ግን እምብዛም አይጻፍም። በቤታችንም እንዲሁ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ልጅ የሚሆነውን ከግድግዳ ማዶ ከሚሰማ ከአባቱ አፍ ቢሰማ ይሻለዋል። ለመናገር የከበደው አባት ቢኖር፥ ልጁን ይዞ ቀስ ብሎ የሚያስኬድ ረዘም ያለ መንገድ ይውጣ፤ ቃሉ ካልመጣለት ልጁ ራሱ ያመጣለት ይሆናል።