የማይጻፈውን ማንበብ፦ ስለ እንግሊዝኛ አጠራርና ስለ ንግግር ፈተና

በውጭ አገር ከፍተኛ ትምህርት ለመቀጠል የሚያመለክት የአገራችን ምሩቅ፣ እንግሊዝኛን ቢያንስ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ቋንቋው አድርጎ የቆየ ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያነበው፣ ማስታወሻውን የሚይዘው፣ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚያዘጋጀው በዚሁ ቋንቋ ነው። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን አንደበቱ ተመዝኖ አያውቅም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ እንግሊዝኛን የሚለካው ትክክለኛውን መልስ በማስመረጥ እንጂ ተፈታኙን በማናገር አይደለም። በዚህም ምክንያት አይልትስን ለመሰለ ፈተና የተቀመጠ ምሩቅ፣ ድምፁ ራሱ ነጥብ ሲሰጠው ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የአይልትስ የንግግር ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ይፈጃል። በመጀመሪያ ተፈታኙ ስለ ራሱና ስለ ዕለት ኑሮው ይጠየቃል፤ ቀጥሎ አንድ ርእስ ተሰጥቶት፣ ለ1 ደቂቃ ተዘጋጅቶ፣ እስከ 2 ደቂቃ ብቻውን ይናገራል፤ በመጨረሻም ከፈታኙ ጋር ጠለቅ ያለ ውይይት ያደርጋል። ነጥቡ የሚሰጠው በአራት መመዘኛዎች ነው፤ እነርሱም የንግግር ፍሰትና ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ የሰዋስው ስፋትና ትክክለኛነት፣ እንዲሁም አጠራር ናቸው። አራቱም እኩል ክብደት አላቸው። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች አጠቃላዩን ውጤት ብቻ ሳይሆን በእያንዳንዱ ክፍል የተገኘውንም ስለሚመለከቱ፣ በንባብና በጽሑፍ የላቀ ሰው በንግግር ግማሽ ነጥብ ጎድሎበት የትምህርት ዕድሉን ሊያጣ ይችላል። ክፍያው ከደመወዝ ተቆጥቦ የሚከፈል፣ የማመልከቻውም ቀን የማይጠብቅ በመሆኑ፣ ፈተናውን ደግሞ መውሰድ ለሁሉም የሚቻል አይደለም። ስለዚህ ለዝግጅት ያሉትን ጥቂት ሳምንታት በምን ላይ ማዋል ይገባል የሚለው ጥያቄ ክብደት አለው። እኔም ለዚሁ ፈተና ከባልደረቦቼ ጋር በተለማመድሁባቸው ወራት ደጋግሜ ያሰብሁበት ይህንኑ ነው።

በመካከላችን የተለመደው መልስ “እንደ ፈረንጅ መናገር” የሚል ነው። ተለማማጁ ፊልም ይመለከታል፤ “ር”ን ምላሱን አጥፎ ሊናገራት ይታገላል፤ “ዋተር”ን “ዋረር” ያደርጋል። ከብዙ ድካም በኋላም የሚያገኘው ቃላቱ ያልጠሩ፣ ባለቤቱም የማይታወቅ ንግግር ነው። ከዚህ ድካም የሚያሳርፉን ሁለት ሥራዎች አሉ። መሪ ማንሮና ትሬሲ ደርዊንግ የተባሉ የካናዳ ተመራማሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የባዕድ ቅላጼ መኖርና የንግግሩ አለመረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳይተዋል፤ አድማጮቻቸው ቅላጼው ከባድ ነው ያሉትን ንግግር እንኳ ብዙ ጊዜ ቃል በቃል በትክክል መጻፍ ችለው ነበር። ጄኒፈር ጄንኪንስ ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ የትኞቹ የድምፅ ባሕርያት ግድ እንደሆኑ መርምረዋል። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገረውን፣ እኛ በ“ዘ” ወይም በ“ት” የምንተካውን ድምፅ፣ ከግዴታው ዝርዝር አወጡት፤ የአናባቢን ርዝመትና እጥረት፣ በቃል መነሻ የሚደረደሩ ተነባቢዎችን፣ በዓረፍተ ነገር ውስጥም ድምፅ የሚጎላበትን ቃል ግን በግዴታነት አስቀመጡ። ይፋ የሆነው የአይልትስ የነጥብ መግለጫም የሚጠይቀው ቅላጼው የየት አገር ነው ብሎ ሳይሆን፣ ንግግሩን ለመረዳት ምን ያህል ያስቸግራል ብሎ ነው።

ታዲያ የእኛን እንግሊዝኛ ለባዕድ ጆሮ የሚያከብደው ምንድን ነው? መልሱን ከአማርኛ መጀመር ይሻላል። “ገና” የሚለው ቃል ጠብቆ ሲነበብ የልደት በዓል ነው፤ ላልቶ ሲነበብ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። “ዋና”ም ላልቶ ሲነበብ በውኃ መዋኘት፣ ጠብቆ ሲነበብ አለቃ ወይም ቀዳሚ ነው። ፊደላችን መጥበቅንና መላላትን አይጽፍም፤ አንባቢው ከዐውዱ ተረድቶ ራሱ ይሞላዋል። እንግሊዝኛም እንዲሁ የማይጽፈው ነገር አለው፤ እርሱም በአንድ ቃል ውስጥ የትኛው ክፍለ ቃል ጎልቶ እንደሚነሣና የትኞቹ ዝቅ ብለው እንደሚያልፉ ነው። “ሪኮርድ” መነሻው ሲጎላ ስም ነው፣ መዝገብ ማለት፤ መድረሻው ሲጎላ ግስ ነው፣ መመዝገብ ማለት። 13 እና 30 ቁጥሮችም በፈጣን ንግግር ከሚለዩባቸው ዋነኛ ምልክቶች አንዱ ይኸው ነው፤ በመጀመሪያው መድረሻው፣ በሁለተኛው መነሻው ይጎላል። “ገና”ን አላልቶ “መልካም ገና” የሚለንን የውጭ አገር ሰው ስንሰማ ለአፍታ እንደምንቆም፣ እንግሊዝኛ ሰሚም ጉላቱ ባልሆነ ቦታ ሲወድቅ እንደዚያው ይቆማል።

ይህ ነገር ለአገራችን ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የንባብ ቤት ተማሪ የግዕዝን ቃል ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይ፣ ሰያፍ እያለ ድምፁ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ይማራል፤ ፊደሉን ሳይስት ንባቡን የሳተ በመምህሩ ይታረማል። በዘመናዊው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ስንማር ግን የተሰጠን ፊደሉና ትርጉሙ ነው፤ ንባቡ አብሮ አልተሰጠንም።

ችግሩን የሚያከብደው ሌላው ነገር የተዋስናቸው ቃላት አጻጻፍ ነው። በአማርኛ ክፍለ ቃላት ሁሉ ከሞላ ጎደል በእኩል ጉልበት ይነገራሉ። በእንግሊዝኛ ግን ያልጎላው ክፍለ ቃል አናባቢው ይደበዝዛል፤ በንግግርም ከሌሎቹ አናባቢዎች ሁሉ ይልቅ የሚደጋገመው ይኸው የደበዘዘው ድምፅ ነው። እኛ ብዙዎቹን ቃላት የተቀበልነው በላቲን ፊደል የተጻፈውን ተከትለን፣ አንዳንዶቹንም ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ ስለሆነ፣ የደበዘዘውን ሁሉ አጉልተን ጻፍነው። “ኮምፒውተር”፣ “ፕሮፌሰር”፣ “ፖሊስ” እንላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው የሚለው ግን ወደ “ከምፒውተር”፣ “ፕረፌሰር”፣ “ፐሊስ” የቀረበ ነው። በሦስቱም ቃላት የተለወጠው ሳብዑ ወደ ግዕዝ መመለሱ ብቻ ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ በየገጹ የሚያገኘው “ዴቨሎፕመንት”ም በትክክለኛ ንባቡ “ዲቬለፕመንት” ነው፤ የሚጎላው “ቬ” ብቻ ነው፣ የቀሩት ዝቅ ብለው ያልፋሉ።

ይህ የደበዘዘ ድምፅ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ድምፅ አለመሆኑን ማስተዋል ትልቅ ዕረፍት ይሰጣል። ፍጹም አንድ ናቸው ባይባልም፣ በልጅነታችን “በ፣ ቡ፣ ቢ” ብለን ስንቆጥር ከአፋችን መጀመሪያ የወጣው ድምፅ እጅግ የቀረበ ዘመዱ ነው። አምስት አናባቢ ብቻ ያለው የስፔንኛ ተናጋሪ በብዙ ልምምድ የሚያገኘውን እኛ ከፊደል ገበታ ላይ እናነሣዋለን። የጎደለን የትኛው ክፍለ ቃል በግዕዝ መነበብ እንዳለበት ማወቁ ነው።

የዚህ ዕውቀት ዋጋ ከሁሉ ይልቅ በትንንሾቹ ቃላት ላይ ይታያል። “እችላለሁ” ለማለት የሚያገለግለው “ካን” በተራ ንግግር ሲገባ “ከን” ይሆናል፤ አሉታው ግን አናባቢውን አያደበዝዝም፣ የመጨረሻው “ት” ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዋጣል። ስለዚህ “አይ ካን ጎ” ብሎ “ካን”ን አጉልቶ የሚናገር ሰው፣ ልሄድ እችላለሁ ሲል ልሄድ አልችልም እንዳለ ተደርጎ ሊሰማ ይችላል። አንድ አናባቢ ሐሳቡን ገለበጠው ማለት ነው።

አጠራር የሰዋስው ነጥብንም ይነካል። ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተው የግስ መድረሻ ካልተሰማ፣ ፈታኙ የሚያውቀው ተናጋሪው የጊዜውን አገባብ እንዳልተጠቀመ ብቻ ነው። “ተራመደ” የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ሲጻፍ ተጨማሪ አናባቢ ስላለው ብዙዎቻችን “ዎክድ” እያልን በመካከሉ ድምፅ እናስገባለን፤ አለዚያም መድረሻውን እንተወዋለን። ትክክለኛው ንባብ በ“ክ” እና በ“ት” ያለ አናባቢ ተጣብቀው ያልቃል። “ወቅት” የሚለውን ቃል ያለ ችግር የሚናገር አፍ ይህን አያቅተውም። በተቃራኒው፣ አማርኛ በቃል መነሻ ሁለት ተነባቢ መደርደር ስለማይወድ “ስቱደንት”ን “እስቱደንት” እንላለን፤ የተደጋገመ ፊደል ስናይም በልማዳችን አጥብቀን “ሰመር”ንና “ሃፒ”ን በሚጠብቅ “መ” እና “ፒ” እናነባለን። በእንግሊዝኛ ግን በአንድ ቃል ውስጥ የተደገመ ፊደል መጥበቅን አያሳይም።

ፊደላችን የማይረዳን ቦታም አለ። “መርከብ” እና “በግ” የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱም በእኛ ጽሕፈት “ሺፕ” ናቸው፤ “መኖር” እና “መተው”ም ሁለቱ “ሊቭ” ናቸው። የመጀመሪያው አጭርና ላላ ያለ፣ ሁለተኛው ረዘምና ጠበቅ ያለ አናባቢ አለው። ሰባት አናባቢ ያለው ጆሮ በብሪታንያ አጠራር ሃያ ያህል አናባቢዎችን እንዲለይ ሲጠየቅ፣ እንዲህ ያሉትን ጥንዶች ደጋግሞ ከማዳመጥ በቀር አቋራጭ የለውም።

ከቃል አልፈን ወደ ዓረፍተ ነገር ስንሄድ ደግሞ ሁለቱ ቋንቋዎች የተለያየ መንገድ እንደያዙ እናያለን። አማርኛ አንድን ነገር ሊያጎላ ሲሻ አገባቡን ይለውጣል፤ “እርሱ መጣ” የሚለውን “የመጣው እርሱ ነው” ያደርገዋል፣ ወይም “እኮ”ን ይጨምራል። እንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ ቃላቱን በቦታቸው ትቶ ድምፁን ብቻ ያነሣል። ስለዚህ በሦስተኛው የፈተና ክፍል ሁለት ሐሳቦችን የሚያነጻጽር ተፈታኝ፣ ሁሉንም ቃል በእኩል ጉልበት ከተናገረ ንጽጽሩ በቃላቱ ቢኖርም በጆሮ አይገኝም።

ከባልደረቦቼ ጋር የተጠቀምንበት የልምምድ መንገድ ቀላል ነበር። አንዱ የሁለት ደቂቃ ንግግሩን በስልኩ ይቀዳል፤ ሌላው እየሰማ ቃል በቃል ይጽፋል፤ ከዚያ የተጻፈው ከተነገረው ጋር ይመሳከራል። በመጀመሪያ እርስ በርሳችን ስንጻጻፍ ስሕተት አልተገኘብንም ለማለት ይቻላል። ቀረጻዎቹን በትምህርት ክፍላችን ለሚያስተምሩ አንድ ህንዳዊ መምህር ስንሰጣቸው ግን በወረቀታቸው ላይ ባዶ ቦታዎች ታዩ። ባዶዎቹ የበዙት “ት” እና “ዘ” በተተኩባቸው ቃላት ላይ አልነበረም፤ “ዴቨሎፕመንት”ን በመሳሰሉ፣ በምርምራችን ዕለት ዕለት በምንጠራቸው ረጃጅም ቃላት ላይ እንጂ። እርስ በርሳችን የተግባባነው አንድ ዓይነት ልማድ ስላለን፣ የጎደለውን ስለምንሞላለት ነበር። ከዚያ በኋላ ንግግራችንን ከመቅዳታችን በፊት ቁልፍ ቃላቱን ጽፈን የሚጎላውን ክፍለ ቃል በእርሳስ ማስመር፣ የቀሩትን በግዕዝ ወይም በሳድስ ዝቅ አድርጎ ማንበብ ልማዳችን ሆነ። ባዶዎቹም በየሳምንቱ እያነሱ ሄዱ። ቅላጼያችን ግን አልተለወጠም፤ መምህሩም ከየት አገር እንደሆንን ለማወቅ አይቸገሩም ነበር።

ከዚህ የተገኘው ትምህርት ለፈተና ብቻ የሚውል አይመስለኝም። አጠራርን ማሻሻል ማለት የራስን ድምፅ አውልቆ የሌላውን መልበስ ነው ብሎ የሚያምን ተማሪ፣ ወይ ያፍራል ወይ ያስመስላል፤ በሁለቱም ሐሳቡ ሳይሰማ ይቀራል። የሚፈለገው ማንኛውም አድማጭ የሚጽፈው ንግግር መሆኑን የተረዳ ተማሪ ግን የሚሠራው ሥራ ውስን፣ የሚለካና በእጁ ያለ ይሆንለታል። ለዚህም የፈተና ቀን እስኪቆረጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በየትምህርት ክፍሉ በእንግሊዝኛ በሚቀርቡ የድኅረ ምረቃ ሴሚናሮች፣ አፍ መፍቻ ቋንቋው ከአቅራቢው የተለየ አንድ አድማጭ የአንድ ደቂቃውን ንግግር ቃል በቃል ጽፎ ለአቅራቢው ቢሰጠው፣ አቅራቢው የትኞቹ ቃላቱ እንዳልደረሱ በዚያው ዕለት ያውቃል። ወጪው አንድ ወረቀት ነው።