ወደ ሞምባሳ ለሚወርድ ቤተ ሰብ፤ ስለ ማደሪያ አመራረጥ

ከደጋ አገር ተነሥቶ ወደ ቆላ ባሕር ዳር ከተማ የሚወርድ ሰው ብቻውን የሆነ እንደ ሆነ ማደሪያው ባይስማማው የሚጎዳው ራሱ ብቻ ነው። እናቱን፣ ባለቤቱንና ልጆቹን ይዞ የወረደ እንደ ሆነ ግን የማደሪያ ምርጫ የጤናም፣ የገንዘብም፣ የቤተ ሰብ ሰላምም ነገር ይሆናል። በዛሬው ዘመን ብዙ ሰው ማደሪያውን የሚመርጠው በስልኩ መስኮት ላይ በሚያየው ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉም ሰማያዊውን ባሕርና ነጩን አሸዋ ያሳያል እንጂ፣ ነፋሱ በየት በኩል እንደሚገባ፣ ወደ ጉዳይ ለመሄድም ምን ያህል ውኃ መሻገር እንደሚያስፈልግ አይናገርም። ስለዚህ ከአዲስ አበባ በአይሮፕላን በጥቂት ሰዓት ስለሚደረስባት ስለ ኬንያዋ የወደብ ከተማ ስለ ሞምባሳ፣ ቤተ ሰብ ይዞ ለሚሄድ ሰው የሚጠቅመውን እንጽፋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የሞምባሳ ከተማ ልብ ደሴት መሆኑ ነው። ይህችም ደሴት ከየብሱ ጋር የምትገናኝበት መንገድ በየአቅጣጫው ልዩ ልዩ ነው። በሰሜን ምዕራብ በማኩፓ በኩል መንገድ አለ፤ የአይሮፕላን ማረፊያው፣ በ2017 ሥራ የጀመረው ከናይሮቢ የሚመጣው አዲሱ የምድር ባቡር ጣቢያም በዚሁ ወገን በየብሱ ላይ ናቸው። በሰሜን ምሥራቅ የኒያሊ ድልድይ አለ። በዚያ ስፍራ በ1931 በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ድልድይ ተዘርግቶ ነበር፤ ዛሬ የሚታየው ታላቁ የሲሚንቶ ድልድይ የተከፈተው በ1980 ነው። በደቡብ በሊኮኒ በኩል ግን ድልድይ የለም፤ ሰውም አውቶሞቢልም የሚሻገረው በመርከብ ነው።

ይህ የሊኮኒ መሻገሪያ ለእግረኛ ያለ ዋጋ ስለሆነ፣ በጧት ወደ ሥራ የሚገባው በማታም ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሕዝብ እንደ ጥምቀት በዓል ሰው ይጎርፍበታል፤ አውቶሞቢሎችም ተራቸውን በረጅም ሰልፍ ይጠብቃሉ። በዚያው ወሽመጥ በምቶንግዌ መሻገሪያ በ1994 ሚያዝያ ወር ከመጠን በላይ ሰው የጫነ መርከብ ተገልብጦ ከ270 የሚበልጡ ነፍሳት አልቀዋል። ይህን የምንናገረው ሰውን ለማስፈራራት አይደለም፤ በየቀኑ ብዙ ሕዝብ በደኅና ይሻገራል። ነገር ግን ልጅ በእጁ የያዘ ሰው በተጨናነቀ ሰዓት ከመሳፈር ቢቆጠብ፣ ሲሳፈርም ልጁን አጥብቆ ቢይዝ መልካም ነው። አሁን በዶንጎ ኩንዱ በኩል በድልድዮች ላይ የሚዞር መንገድ ስላለ፣ ከአይሮፕላን ማረፊያው ወደ ደቡቡ ዳርቻ የሚሄድ ሰው ደሴቲቱን ሳይነካ፣ መርከብም ሳይጠብቅ ሊያልፍ ይችላል።

እንግዲህ በደቡብ በኩል ያለው ዲያኒ የሚባለው ዳርቻ እጅግ ያማረ ነው። አሸዋው እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በዛፎቹም ላይ ጉሬዛዎች ይታያሉ። ከደሴቲቱ የሚርቀው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ፎቶግራፉን ያየ ሁሉ ወደዚያው ይሳባል፤ ለዕረፍት ብቻ ለሚወርድ ሰውም የሚነቀፍ ምርጫ አይደለም። ጉዳዩ በደሴቲቱ ውስጥ የሆነ ሰው ግን ይጠንቀቅ።

የማውቃቸው አንድ ሹም የዶንጎ ኩንዱ መንገድ ከመከፈቱ በፊት፣ በየካቲት ወር ለአሥር ቀን ስብሰባ ወደ ሞምባሳ ሲወርዱ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን እናታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ከባለቤታቸው ጋር ይዘው በደቡቡ ዳርቻ ሆቴል አረፉ። ስብሰባው ግን በደሴቲቱ ነበር። ሹሙ በየጧቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥተው ወደ መርከቡ ይገሠግሣሉ፤ ማታም ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይመለሳሉ። ክፍሎቹም ዋጋቸው የቀነሰው በምክንያት ነበር፤ መስኮታቸው ወደ ባሕሩ ሳይሆን ወደ ኋላ ወደ ምዕራብ ነው። ከቀትር በኋላ ያለው ፀሓይ ግድግዳውን ሲያግለው ይውላል፤ ነፋስ የሚባል አይገባም፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ማቀዝቀዣው ዝም ይላል። አሮጊቲቱ በሦስት ሌሊት ውስጥ እንቅልፍ የሚባል አላዩም፤ እግራቸውም አበጠ። ባለቤታቸው ይህን አይተው፣ ባልየው ከስብሰባ እስኪመለሱ ሳይጠብቁ፣ በአሮጌው ከተማ ውስጥ የአንድ ቤት ላይኛውን ፎቅ ለቀሪው ቀን ተከራዩ። ቤቱ መዋኛ የለው፣ የአሸዋ ዳርቻ የለው፤ የመተላለፊያው ጠባብነትም ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ለመተላለፍ የሚያስቸግር ነው። ነገር ግን አሮጊቲቱ በመጀመሪያው ሌሊት ተኝተው አደሩ፤ በነጋም ጊዜ፣ “ልጄ፣ ይህ ቤት ይተነፍሳል” አሉ ይባላል።

ይህ አነጋገር ከብዙ የሆቴል ማስታወቂያ ይበልጣል። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ እንደሚባለው፣ የወበቁን ነገር የሚያውቁት በወበቅ ውስጥ የተወለዱት ናቸው። የጥንት ስዋሂሊዎች ቤታቸውን ሲሠሩ፣ ኮራል ከሚባለው ከባሕር ወገን ከሚገኝ ድንጋይ ወፍራም ግድግዳ በኖራ ያቆማሉ፤ ጣራውንና ወለሉን የሚሸከመው በጨው ውኃ ዳር ከሚበቅለው ከማንግሮቭ ዛፍ የተቆረጠ ወራጅ ነው። የዚያ ዛፍ ግንድ ርዝመቱ የተወሰነ ስለሆነ ክፍሎቹ ረጃጅምና ጠባብ ይሆናሉ። በመካከል ግቢ ይተዋሉ፤ የሞቀው አየር በዚያ ወደ ላይ ሲወጣ ቀዝቃዛው በመተላለፊያው ይገባል። ጎዳናዎቹም ጠባብ የሆኑት ከመሬት ጥበት የተነሣ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ቤት ለሌላው ጥላ እንዲሆንለት ነው። በደጁም ባራዛ የሚባል የድንጋይ መደብ አለ፤ እንግዳ የሚቀበሉበት፣ ጎረቤት የሚነጋገርበት ነው። የእኛን አገር የደጅ መደብ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ ነገር አይሆንበትም። የሠፈሩ ልጆችም ታላቅ ሰው ሲያዩ “ሺካሞ” ብለው እጅ ይነሣሉ፤ መልሱ “ማራሃባ” ነው። ሽማግሌ ወላጅ ይዞ የሚሄድ ሰው ይህን ቢያስጠናቸው ደስ ይላቸዋል።

በአሮጌው ከተማ ጫፍ ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት፣ ኦማኖችም ከብዙ ከበባ በኋላ በ1698 የያዙት ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ አለ፤ በ2011 በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ልጆችን በጧት እዚያ ማሳየት ይገባል፤ በቀትር ግን ድንጋዩ ይጋረፋል። ማታ ማታ በከሰል ምድጃ ላይ የሚፈላ መራራ ቡና በትንንሽ ሲኒ ይሸጣል፤ ዝንጅብል የሚጨምሩበትም አሉ። ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው ደግሞ ምባዚ የሚባለውን አተር መሳይ እህል በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ ያገኛል። ከእርሱ ጋር የሚቀርበው ማሃምሪ የተባለው በዘይት የተጠበሰ ዳቦ ግን የላም ወተት ወይም እንቁላል እንዳይኖርበት መጠየቅ ነው። በዚህ ሠፈር የሚያድር ሰው መስጊዶች በዙሪያው እንደሚበዙ፣ የንጋቱም አዛን ከእንቅልፍ እንደሚቀሰቅስ፣ ሴቶችም ወንዶችም ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ እንዲለብሱ ጨዋነት እንደሚያዝ አውቆ ይግባ። በረመዳን ወር ብዙ ምግብ ቤት ቀን ቀን ይዘጋል።

አሮጌው ከተማ የማይስማማው፣ በሰሜኑ ዳርቻ በኒያሊ ቢያድር ከሁለቱ መካከል ያለውን ያገኛል። ባሕሩም አሸዋውም አለ፤ ወደ ደሴቲቱ ለመግባት ድልድይ እንጂ መርከብ አያስፈልግም፤ ሐኪም ቤትና ገበያም ቅርብ ነው። ባምቡሪና ሻንዙ ከዚያ ወዲያ ናቸው፤ በራቁ ቁጥር በድልድዩ አፍ የሚያጋጥመው የአውቶሞቢል መጨናነቅ ይከብዳል።

ስለ ነፋስ የተናገርነውን እዚህ ላይ እናብራራ። የዚያ ዳርቻ ባሕር በምሥራቅ ነው። ከኅዳር እስከ መጋቢት ገደማ ካስካዚ የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ ደግሞ ኩሲ የሚባለው ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል። የጥንት የዓረብና የሕንድ መርከበኞች በካስካዚ መጥተው በኩሲ የሚመለሱት በዚህ ምክንያት ነበር። ሁለቱም ከባሕሩ ወገን ስለሚነፍሱ፣ ወደ ባሕር የሚያይ ክፍል ዓመቱን ሙሉ ነፋስ አያጣም፤ በጧት ፀሓይ ያገኛል እንጂ ከቀትር በኋላ በሚያቃጥለው አይመታም። ስለዚህ ወደ ባሕር ላለው ክፍል የሚጨመረው ዋጋ የሚከፈለው ለዓይን ደስታ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ ለአንድ ክፍል ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ያ ክፍል የአባወራው ሳይሆን የአሮጊቲቱ ወይም የሕፃኑ ይሁን።

የወሩም ነገር አለ። ወበቁ የሚበረታው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ታላቁ ዝናብ በሚያዝያና በግንቦት ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ዋጋው ቢረክስም ቤተ ሰብ በክፍል ውስጥ ታግቶ ይከርማል። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ክረምት ግን ለሞምባሳ ቀዝቀዝ የሚልበት ወራት ነው። ከድንጋዩ አጥር ወዲያ ያለው ባሕር ቢናወጥም፣ ከአጥሩ ወዲህ ያለው ውኃ ለልጅ ይሻላል። በገና ሰሞን ባሕሩ ጸጥ ያለና የጠራ ነው፤ ነገር ግን ከናይሮቢም ከአውሮፓም ሰው ስለሚጎርፍ ማደሪያ አስቀድሞ ያልያዘ ሰው ይቸገራል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና ስትወለድ የከፍታው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። በጎደለ ጊዜ እሾሃም የባሕር ፍጥረት ስላለ ልጆች ያለ ጫማ እንዳይገቡ፤ ሲሞላም ጥልቀቱ ፈጥኖ ስለሚለወጥ ያለ ጠባቂ እንዳይተዉ።

አሁን ወደ ወባ እንምጣ፤ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነውና። የአዲስ አበባ ልጅ ወባ በሌለበት ከፍታ ያደገ ስለሆነ ሰውነቱ ለበሽታው አልተዘጋጀም። ከመሄድ በፊት ሐኪም ጠይቆ የመከላከያ መድኃኒት መያዝ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ወረቀትም ማውጣት ያስፈልጋል፤ ከኢትዮጵያ የሚገባ መንገደኛ ይህን ወረቀት በኬንያ ይጠየቃል። በማደሪያው ደግሞ አጎበሩ ያልተቀደደ፣ እስከ ፍራሹ ሥር የሚገባ፣ መስኮቱም የወንፊት ሽቦ ያለው መሆኑን በቀን ብርሃን ማየት ነው። ዴንጊ የሚባለው ትኩሳት የሚያስተላልፍ ትንኝ ግን የሚናከሰው በቀን ስለሆነ አጎበር ብቻ አይበቃም፤ በግቢው ውስጥ ውኃ ያቆረ በርሜልና ጎማ ያለበትን ቤት አለመከራየት ይሻላል። ከተመለሱም በኋላ፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ ከቤተ ሰቡ አንዱን ትኩሳት ቢይዘው፣ ብርድ ነው ሳይሉ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ሄዶ ሞምባሳ ነበርን ብሎ መናገር ያስፈልጋል። ይህ አንድ ቃል ለሕፃን ሕይወት ነው።

ውኃም ይጠየቅ። ከተማዪቱ የሚጠጣ ውኃ የምታገኘው ከሩቅ፣ ከምዚማ ምንጭና ከባሪቾ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይጎድላል፤ የጉድጓዱም ውኃ ጨው ጨው ይላል። ቤቱ የውኃ ማጠራቀሚያ አለውን? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አለውን? ዋጋው በክፍል ነው ወይስ በሰው? ቁርስና ቀረጥ በውስጡ ናቸውን? ዕድሜያችንን በመዝገብና በውል መካከል ያሳለፍን ሰዎች እንደምናውቀው፣ በቃል የተነገረ ዋጋ በሒሳብ ቀን ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል። መልሱን በጽሑፍ መቀበል፣ ቢቻልም ለመጀመሪያው ሁለት ሌሊት ብቻ ከፍሎ ቤቱን ካዩ በኋላ ማራዘም ይገባል።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ ሾፌሩን በሌሊት ለመቅጠር የሚፈራ ሰው አለ፤ ቋንቋ አይግባባን ይሆናል ይላል። የስዋሂሊ ሰዎች ግን ሰዓትን የሚቆጥሩት እንደ እኛው ከፀሓይ መውጫ ጀምረው ነው፤ “ሳአ ምቢሊ” ያሉ እንደ ሆነ ሁለት ሰዓት ማለታቸው ነው፤ የቀኑም ሰዓት ከአዲስ አበባው ጋር አንድ ነው። የአይሮፕላኑ ቲኬት ግን በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፈ ስለሆነ፣ ለሾፌሩ ሲነግሩት ስድስት ሰዓት ቀንሰው ይንገሩት።